ያልተዋስሁት መሰላል

ቤር ሼቫ፤ የአውቶቡሶች ማደሪያ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
አርባ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ እኔ።
ከየወንበሩ ስር የሱፍ ልጣጭ እጠርጋለሁ፤
በግራ ጆሮዬ ኦርና ትመክረኛለች።
ቀኙን ለቫዲም ትቼዋለሁ፤ አለቃዬ ነው፣
ሲጠራኝ ካልሰማሁ ፊቱ ይጠቁራል።

መጽሐፉን የጻፈችው እሷ፣ የምታነበውም እሷ፤
እንጀራዋ ሰው ማሳቅ ነው፣ መድረክ ላይ ቆማ።
ድምጿ ሲጋራ የጠገበ፣ ሲሚንቶ ላይ እንደሚጎተት ወንበር።
ትንፋሿን ስትስብ ይሰማኛል፣
ገጽ ስትገልጥ ይሰማኛል፣
ምዕራፍ አራት ላይ በገዛ ቀልዷ ተሸንፋ
ማንበብ አቅቷት ስትንፈቀፈቅ ይሰማኛል፤
አልቆረጡትም፤ ደግ አደረጉ።
ሌላ ሰው ቢያነበው ምክሩስ ይደርሰኝ ነበር፣
ሳቁ ግን መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ዕብራይስጤ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤
ቀልዱ እሷ ዘንድ ሲያልቅ እኔ ዘንድ ገና ይጀምራል።
ሦስተኛው ወንበር ጋ የተናገረችውን
ስድስተኛው ወንበር ጋ እስቃለሁ፤
ቫዲም «ምን ነካህ?» ይላል በሩሲያኛ፤
ያን ያህል ሩሲያኛ እኔም አውቃለሁ።

«ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ካልሲያችሁ ይመሳሰል፤
የቀረው በእግዚአብሔር እጅ ነው» ትላለች።
«የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሲጮህ አትቆጡ፤
ስሙን ጠይቁና አቤቱታውን በስሙ ጻፉለት።»
ምዕራፍ ሰባት ላይ ግን ድምጿ ዝቅ አለ፦
«ከዘመድ ተኳርፋችኋል? በድያለሁ አትበሉ፤
ከባድ ዕቃ ነው፣ ወገብ ይሰብራል።
ከሱ ተውሳችሁ የማታውቁትን ነገር ግዙና
ሄዳችሁ መልሱለት፤
ይቅርታ የምትጠይቁት ስለ መዘግየታችሁ ብቻ ነው።»

ባልዲውን አስቀመጥሁ።

ወንድሜ ቢያድግልኝ ኦፋቂም ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት።
አራት ዓመት ሆነኝ፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት አላለቀችም።
ነገሩ የወንበር ነው። በልጁ በሊዮር ሰርግ
ወንበሬን ከኩሽናው በር ስር አደረገው፤
አሳላፊ በወጣ በገባ ቁጥር በሩ ትከሻዬን ይለኛል።
ሙሽሮቹ እስኪጨፍሩ ድረስ አርባ ቆጠርሁ።

ሽማግሌም መጥቷል፣ ያውም ሦስት ጊዜ።
አባ ተገኘ ከዘራቸውን ተደግፈው
«ወንድም ጋሻ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤
«በሩ ሲመታኝ ጋሻው የት ነበር?» አልሁ።
እሳቸው ጫማቸውን ፈለጉ፤ እኔ በመልሴ ኮራሁ፤
ኩራቱ እስከ እራት እንኳ አልቆየም።

ዓርብ መሰላል ገዛሁ። አሉሚኒየም፣ ባለ አምስት እርከን።
ሹፌሩ መሰላሉን አየ፣ እኔን አየ፦
«ለሱስ ትከፍላለህ?»
«ጡረተኛ ነው» አልሁት።
እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስቄ የማላውቀው!
በመስታወቱ ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከሰንበት በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ነበር፤
እስከ ቅዳሜ ማታ መመለሻ የለም።
ይህን አውቄ ነው የተሳፈርሁት ወይስ ሳላውቅ፣
አትጠይቁኝ።

አንኳኳሁ። ከፈተ። ሸብቷል።
ጆሮዬ ላይ ማንም አልነበረም፤
እሷ በምትተነፍስበት ቦታ ተነፈስሁ፦
«መሰላልህን አመጣሁልህ። ስለዘገየሁ ይቅርታ።»

ዝም አለ።
መሰላል ኖሮት አያውቅም፤
አምፖል እንኳ ወንበር ላይ ቆሞ ነው የሚቀይረው።
የደረጃው መብራት ሰዓቱ ሞላና በራሱ ጠፋ፤
ጨለማው ውስጥ ሁለት ሸበቶና አንድ መሰላል ቆምን፤
አንዳችንም እጃችንን ወደ ማብሪያው አልሰደድንም።

ቆይቶ ድምፁ መጣ፣ የድሮው፣
ያኔ ልጆች ሳለን ሳቁን ሊደብቅ ሲል የሚያደርቀው፦

«ሁለት ነበር እኮ የወሰድኸው።»